የሴቶች ሩጫ እንዴት ገበያ አገኘ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የስፖርቱ ዓለም መዝገብ የተያዘው በእርሱ ነውና።

አገራችን እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ ያገኘችው የወርቅ ሜዳሊያ 24 ነው። ከዚህ ውስጥ 10ሩን ያመጡት ሴቶች ናቸው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና እና በ2000 ሲድኒ፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ፣ መሠረት ደፋር በ2004 አቴንስ እና በ2012 ለንደን፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ቤጂንግ ሁለት ጊዜ ከዚያም በ2012 ለንደን፣ ቲኪ ገላና በ2012 ለንደን፣ አልማዝ አያና በ2016 ሪዮ። ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ የምትወጡት ዝርዝር ነው። አሁን ደግሞ ርቀቶቹን እንቁጠር። አምስቱ ወርቅ በ10 ሺህ ሜትር፣ ሦስቱ በ5 ሺህ ሜትር፣ ሁለቱ በማራቶን ተገኙ። ከእነዚህ ከሦስቱ ርቀቶች ውጭ የተገኘ አንድም የለም።

እስከ 1984 ድረስ ግን ከሦስቱ አንዱም በኦሊምፒክ ለሴቶች አልተፈቀደም ነበር። የሴቶች ማራቶን በ1984 ገባ፤ 10 ሺህ ሜትር በ1988፤ 5 ሺህ ሜትር ደግሞ በ1996። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስትሮጥ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር በኦሊምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛው ነበር። በመጀመሪያው፣ ማለትም በሴኡል፣ ኢትዮጵያ አልተሳተፈችም። ስለዚህ ኢትዮጵያዊት ሴት በዚህ ርቀት በኦሊምፒክ ለመሮጥ ያገኘችው የመጀመሪያ ዕድል ባርሴሎና ነበር፤ በዚያው በመጀመሪያው ዕድል ወርቁ መጣ። በሩ አሥር ዓመት ዘግይቶ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁላችንን ከቴሌቪዥን ፊት ያስነሳን ምሽት አይኖርም ነበር ማለት ነው።

በሩ በሯጮች ላብ ብቻ አልተከፈተም። ከ1984 በፊትም ማራቶን የሚሮጡ ሴቶች ነበሩ፤ የሚያያቸው እንጂ የሚሮጥ አልጠፋም። ውሳኔ ሰጪዎችን ለማሳመን ቢሮ የተቀመጠ፣ ገንዘብ የሚያፈላልግ፣ ቁጥር የሚሰበስብ፣ ደብዳቤ ጽፎ መልሱን የሚከታተል ሰው አስፈልጓል። ይህ ሥራ የስፖርት ማርኬቲንግ ይባላል። ዛሬ የምነግራችሁ በዚህ ሙያ የሴቶችን ሩጫ ወደ አደባባይ ስላወጡ ሰዎች ነው፤ አንደኛው ታሪክ ከባሕር ማዶ፣ ሁለተኛው ከዚችው ከአዲስ አበባ።

በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ። ከሩጫው በኋላ ደክመው ስለ ታዩ ጋዜጦች ጉዳዩን አጋንነው ጻፉ፤ ይህን ያህል ርቀት ለሴት ተፈጥሮ አይመችም ተባለ፤ ውድድሩም ተሰረዘ። እስኪመለስ 32 ዓመት ፈጀ። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ባሸነፈበት በ1960 ኦሊምፒክ፣ ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ ርቀት ያው እንደገና የተመለሰው 800 ሜትር ነበር። ወንድ ሯጭ በማራቶን ሲደክም ጀግንነት ተባለለት፤ ሴት ሯጭ በሁለት ዙር ስትደክም ማስረጃ ሆነባት። ይህ ፍርድ በሐኪም ምርመራ የተሰጠ ሳይሆን በወሬ የተሰጠ መሆኑ እስካሁን ያስቆጣኛል።

አሁን ወደ 1967 ቦስተን እንሂድ። ካትሪን ስዊትዘር የተባለች የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቦስተን ማራቶን ተመዘገበች። በቅጹ ላይ ስሟን የጻፈችው በፊደላት አሳጥራ፣ ‹ኬ. ቪ. ስዊትዘር› ብላ ስለነበር ሴት መሆኗን አዘጋጆቹ ልብ አላሉም። የመሮጫ ቁጥሯ 261 ነበር። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሮጠች ከውድድሩ ኃላፊዎች አንዱ ጆክ ሴምፕል ከኋላዋ ደርሶ ልብሷን ጨምድዶ ያዘ፤ ‹ከውድድሬ ውጪልኝ› እያለ ቁጥሩን ከደረቷ ሊነጥቅ ታገለ። አብሯት ይሮጥ የነበረው ወዳጇ በትከሻው ገጭቶ ከመንገድ አወጣው። ይህ ሁሉ የሆነው ፎቶ አንሺዎችን በጫነው መኪና ፊት ስለ ነበር ምስሉ ዓለምን አዳረሰ። እርሷም ሩጫውን አላቋረጠችም፤ 42ቱን ኪሎ ሜትር ጨረሰች።

ሰው ሁሉ ስዊትዘርን የሚያውቃት በዚያ ፎቶግራፍ ነው። እኔ ግን ትልቁ ሥራዋ ከአሥር ዓመት በኋላ በቢሮ የሠራችው ነው እላለሁ። በ1972 የቦስተን ማራቶን ለሴቶች በይፋ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ የጎዳና ሩጫ ተካሄደ፤ ስዊትዘር ሯጮችን ለማሰባሰብ ከደከሙት አንዷ ነበረች። የመጡት 78 ሴቶች ብቻ ናቸው። ወጪውን የሸፈነው ለሴቶች የእግር ፀጉር መላጫ ቅባት የሚሸጥ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ገንዘቡን የሰጠው ለጽድቅ ብሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የሚፈልጋቸው ገዢዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ስላገኛቸው ነው። ስዊትዘር ትምህርቱን የያዘችው ከዚህ ይመስለኛል።

በ1977 አቮን ወደሚባለው የመዋቢያ ዕቃ ኩባንያ ገባች። የአቮን ሻጮች ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴቶች ነበሩ፤ ገዢዎቹም ሴቶች። ስዊትዘር ለአለቆቿ ያቀረበችው ሐሳብ በየአገሩ ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጅ ተከታታይ የሩጫ ውድድር ነበር። ልብ አድርጉ፤ ‹ሴቶች ተበድለዋልና እርዱን› አላለችም። ደንበኞቻችሁ ከቤት እየወጡ፣ ሥራ እየያዙ፣ ስለ ጤናቸው እያሰቡ ነው፤ እነርሱ ባሉበት ተገኙ፤ ስማችሁን ከሚወዱት ቀን ጋር አያይዙት አለች። ይህ የሻጭ አነጋገር ነው። የምትሸጠው ግን የምታምንበትን ነገር ነበር።

የመጀመሪያው የአቮን ዓለም አቀፍ ማራቶን በ1978 በአትላንታ ከተማ ተካሄደ። ከዚያ በኋላ ውድድሮቹ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ተዘረጉ፤ ሴት ልጅ በአደባባይ ስትሮጥ ታይታ በማታውቅባቸው ከተሞች ጭምር። በጠቅላላው በ27 አገሮች 400 ያህል ውድድሮች እንደ ተካሄዱና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶች እንደ ተሳተፉ ይነገራል። አገሮቹ መብዛታቸው በአጋጣሚ አልነበረም። አንድ ውድድር ኦሊምፒክ ለመግባት በብዙ አገሮችና ከአንድ በላይ በሆኑ አህጉራት የሚዘወተር መሆን ነበረበት። ስዊትዘር ደንቡን አንብባ፣ ደንቡ የሚጠይቀውን ማስረጃ በሩጫ ሠራችው። በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ በተዘጋበት ሰሞን በለንደን ጎዳናዎች የአቮን ማራቶን ተካሄደ፤ ከ27 አገሮች የመጡ ሴቶች 42 ኪሎ ሜትር ሮጡ። በሞስኮ ደግሞ የእኛን አገር ሴቶች ጨምሮ ለማንኛዋም ሴት የተፈቀደው ረጅሙ ርቀት 1500 ሜትር ነበር። የኦሊምፒክ ኃላፊዎች ይህን ልዩነት ሊሸሽጉት አልቻሉም። በ1981 መጀመሪያ የሴቶች ማራቶን በሎስ አንጀለስ እንዲካተት ወሰኑ። በ1984 ኦገስት ውስጥ አሜሪካዊቷ ጆአን ቤኖይት 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ሮጣ የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሆነች። ስዊትዘር ውድድሩን በቴሌቪዥን ታስተላልፍ ነበር።

ኢትዮጵያ በሎስ አንጀለስም አልተገኘችም። የዘመኑ ፖለቲካ ከሁለቱም ኦሊምፒኮች አስቀርቶናል፤ ከሩጫው በላይ የነበሩ ሰዎች የወሰኑት ነው። የዋጋውን ድርሻ የከፈሉት ግን ያኔ በጉብዝናቸው ዘመን የነበሩ፣ ስማቸውን እንኳ የማናስታውሳቸው ልጃገረዶች ናቸው።

ከዚያ 1996 መጣ። የአርሲዋ ልጅ ፋጡማ ሮባ 2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ሮጣ በማራቶን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። ከተማዋ አትላንታ ናት፤ የአቮን ማራቶን ከ18 ዓመት በፊት የተጀመረባት ያችው አትላንታ። በሚቀጥለው ዓመት ፋጡማ ወደ ቦስተን ሄደች፤ አሸነፈች። በ1998 ደገመች፤ በ1999 ሠለሰች። በ1967 ሴት ሯጭ ልብሷን ተጨምድዳ ከመንገድ ልትባረር በነበረበት ውድድር፣ ልክ በ30ኛው ዓመት ኢትዮጵያዊት የአሸናፊነት የወይራ አክሊል ደፋች። ፋጡማና ስዊትዘር በአንድ ቋንቋ ላይግባቡ ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን በአንድ መንገድ ላይ ተገናኝቷል።

ይህንን ሁሉ ያስረዘምኩት ሙያው ምን ማድረግ እንደሚችል እንድታዩ ነው። አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

በ2001 ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ተጀመረ። ሐሳቡ የመጣው በእንግሊዝ ኒውካስል ከሚካሄደው ታላቁ የሰሜን ሩጫ ተሞክሮ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስሙንና ክብሩን ይዞ ገባበት፤ የመጀመሪያውን ሩጫም ራሱ አሸነፈ። ድርጅቱን በማቋቋምና በመምራት በኩል ሪቻርድ ኔሩርካር የተባለ እንግሊዛዊ ሯጭ ብዙ ሠርቷል፤ ፋጡማ ወርቅ ባገኘችበት በአትላንታው ኦሊምፒክ በወንዶች ማራቶን አምስተኛ የወጣ ሰው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ተሳታፊ 10 ሺህ ነበር፤ ዛሬ ቁጥሩ ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል።

ድርጅቱ ከተመሠረተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2004፣ ‹ቅድሚያ ለሴቶች› የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተጀመረ። የሚካሄደው ማርች 8ን፣ የዓለም የሴቶች ቀንን ምክንያት በማድረግ ነው። ሴቶች ብቻ ይሮጡበታል። ከፊት የክለብ አትሌቶች ይወዳደራሉ፤ ከኋላ ከአሥር ሺህ በላይ ሴቶች፣ አንዳንዷ እየሮጠች፣ አንዳንዷ እየተራመደች፣ አንዳንዷ እየዘፈነች ይከተላሉ። በቅርብ ዓመታት ታላቁ ሩጫን በዋና ሥራ አስኪያጅነት የመራችው ዳግማዊት አማረ ናት። የአገሪቱን ትልቁን የሩጫ ድርጅት ሴት መምራቷ በራሱ ለዚህ ንግግር በቂ ምዕራፍ ነበር።

የዚህን ሥራ ብልሃት ለመረዳት ቲሸርቱን ተመልከቱ። ተሳታፊዋ ትመዘገባለች፤ ከፍላ ቲሸርት ትወስዳለች። ቲሸርቱ የመግቢያ ቲኬቷ ነው፤ ያለ እርሱ መነሻው ጋ አትደርስም። ደረቱ ላይ የዓመቱ መልእክት ይታተማል፤ ስለ ሴቶች ጥቃት፣ ስለ ልጃገረዶች ትምህርት፣ ስለ ጤና። ከመልእክቱ አጠገብ የስፖንሰሩ ዓርማ አለ። ሩጫው በአንድ እሑድ ጠዋት ያልቃል፤ ቲሸርቱ ግን አያልቅም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ልብስ ማስጫ ላይ ታዩታላችሁ፤ ለቡ ገበያ ሽንኩርት የምትመርጥ እናት ለብሳዋለች፤ ጎፋ ማዞሪያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቀለሙ ደብዝዞ ታገኙታላችሁ። በአንድ ቀን ዋጋ ለዓመታት የሚዞር ማስታወቂያ የገዛ ኩባንያ አልተጎዳም። ተሳታፊዋም ቢሆን የገዛችው ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ከተማዋ አስፋልት ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ ማንም ሳይለክፋት የምትሮጥበትን ጠዋት ነው። በዚህ ሰፈር ማለዳ ለመሮጥ የወጣች ልጅ ካለች የዚህን ጠዋት ዋጋ ከእኔ በላይ ትነግራችኋለች።

አንድ ቅር የሚለኝን ነገር ግን አልሸሽግም። ብዙ ኩባንያዎቻችን የሴቶችን ስፖርት የሚያስታውሱት በማርች ወር ብቻ ነው። አበባ ይታደላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ኤፕሪል ሲገባ ማልያ የሚገዛላት ቡድን የለችም። ‹ቅድሚያ ለሴቶች› የዓመት አንድ ቀን መሆኑ ጥፋቱ የአዘጋጆቹ አይደለም፤ እነርሱ ቀኑን ሠርተው ሰጥተውናል። የቀሩትን 51 ሳምንታት መሙላት የሌሎቻችን ሥራ ነው።

ገበያው ምን ያህል እንደሚያዳላ በእግር ኳስ በኩል ማየት ይቻላል። የወንዶቹ ፕሪሚየር ሊግ በ2020 የቴሌቪዥን ኩባንያ ከሆነው ከመልቲቾይስ ጋር የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ስምምነት ሲፈራረም፣ ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተነግሮለታል። የሴቶቹ ሊግ በዚያ ውል ውስጥ አልነበረም። ሆኖም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ የሴቶች ክለቦች ሻምፒዮንስ ሊግ ተሰልፏል። ያ ቡድን እዚያ የደረሰው አንድ ባንክ ደመወዝ ሳያቋርጥ ለዓመታት ስለያዘው ነው። በአትሌቲክሱም ያው ነው። ደራርቱም ጥሩነሽም የማረሚያ ቤቶች ክለብ ልጆች ናቸው፤ ወርቁ ከመምጣቱ በፊት በየወሩ ደመወዝ፣ ምግብና ማረፊያ የሰጣቸው ክለብ ነበር።

የዓለም ገበያ ደግሞ ሴቶቻችንን በሚገባ ያውቃቸዋል። በ2023 በርሊን ላይ ትዕግሥት አሰፋ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። መስመሩን እንዳለፈች ጫማዋን አውልቃ በእጇ ከፍ አድርጋ ለካሜራ አሳየች። ጫማው የአዲዳስ ነው፤ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው ያኔ 500 ዶላር። ምስሉ በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ። በዚያች ቅጽበት አትሌቷ ሯጭም ነበረች፣ የማስታወቂያ ሰውም ነበረች። አትሌትንና ጫማ ሠሪን የሚያስተሳስረው የጫማ ውል ይባላል። መነሻ ክፍያ አለው፣ ለሜዳሊያና ለክብረ ወሰን ጉርሻ አለው፣ ካልሮጥሽ የሚቀነስ ገንዘብም አለው። የአትሌቷ ማናጀርም ከሽልማቱና ከውሉ ድርሻውን ይወስዳል፤ የተለመደው 15 በመቶ ነው።

‹ካልሮጥሽ ይቀነሳል› የሚለው አንቀጽ ለረጅም ጊዜ የጎዳው እናቶችን ነው። አሜሪካዊቷ አሊሰን ፊሊክስ፣ በኦሊምፒክ ብዙ ወርቅ ያላት ሯጭ፣ በ2019 በጋዜጣ ወጥታ ስፖንሰሯ ናይኪ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ክፍያዋ እንዳይቀነስ ዋስትና ሊሰጣት እንዳልፈለገ ተናገረች። ጩኸቱ ከሌሎች አትሌቶች ጩኸት ጋር ተደምሮ ኩባንያው በዚያው ዓመት ደንቡን ለወጠ፤ በእርግዝና ምክንያት ለ18 ወር ክፍያ እንደማይቀነስ አሳወቀ። እኛ አገር ስለዚህ አንቀጽ በአደባባይ ሲወራ አልሰማም። ደራርቱ ወልዳ ተመልሳ በሲድኒ ወርቅ አምጥታለች፤ ጥሩነሽ ወልዳ በዓመቱ ሪዮ ላይ ነሐስ አግኝታለች። ጀግንነታቸውን አወደስን፤ በወለዱበት ዓመት ውላቸው ምን ይል እንደ ነበር የጠየቀ ግን አላየሁም። ሴት ልጃችሁ ሯጭ ከሆነችና ውል ከቀረበላት፣ ፊርማዋን ከማኖሯ በፊት ይህን አንቀጽ በሚገባት ቋንቋ አስተርጉማ ታንብብ። ይህንን ለወላጆች በአደራ እናገራለሁ።

አሁን ስለ ክፍለ ከተማችን። በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በሳሪስ፣ በሃና ማርያም፣ በጀሞ ልጃገረዶች ኳስ ይጫወታሉ፣ ይሮጣሉ፣ ቮሊቦል ይመታሉ። አሠልጣኞቻቸው ብዙ ጊዜ ከኪሳቸው ያወጣሉ። ስፖንሰር ለመጠየቅ ሲሄዱ የሚይዙት ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ‹ድጋፍ እንዲደረግልን በትህትና እንጠይቃለን› የሚል ነው። ነጋዴውም ደብዳቤውን አይቶ እንደ ዕርዳታ ጥያቄ ይቆጥረዋል፤ ካለው ይሰጣል፣ ከሌለው ይቅርታ ይጠይቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ከመጀመሪያው ይጀመራል።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ መለወጥ አለበት። ስዊትዘር ለአቮን ያደረገችውን በልካችን ማድረግ ይቻላል። ወረቀቱ ስንት ልጆች እንዳሉ፣ ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ቀን የት እንደሚለማመዱ ይናገር። ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር ስንት ተመልካች እንደሚመጣ ቆጥራችሁ ጻፉ፤ በግምት ሳይሆን ቆማችሁ ቆጥራችሁ። እናቶቻቸው የት እንደሚገበያዩ ጻፉ፤ ፋርማሲው፣ ካፌው፣ የውበት ሳሎኑ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ማወቅ የሚፈልገው እርሱን ነው። ከዚያ ለምን ያህል ብር ምን እንደምትሰጡ ግልጽ አድርጉ፤ ስሙ በማልያው ደረት ላይ፣ ባነሩ በሜዳው ዳር፣ ፎቶው በየወሩ። ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውልም ሳታፍሩ ዘርዝሩ፤ ማልያ፣ ኳስ፣ ትራንስፖርት፣ ከልምምድ በኋላ ምሳ፣ የንጽሕና መጠበቂያ። የመጨረሻውን አብዛኛው ቡድን አይጽፈውም፤ ብዙ ልጅ ግን በየወሩ ከልምምድ የምትቀረው በእርሱ እጦት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ሪፖርት ይዛችሁ ተመለሱ። ሪፖርት የደረሰው ነጋዴ ለሁለተኛው ዓመት ውል ለመፈረም አያመነታም።

ለነጋዴዎችም አንድ ነገር ልበል። በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል። ቢራ ፋብሪካዎች ለስፖርቱ ይከፍሉት የነበረው ብዙ ገንዘብ መንገዱን ለመለወጥ ተገድዷል፤ በቅርብ ዓመታት የታላቁ ሩጫ ዋና ስፖንሰር ሆኖ አልኮል የሌለው ማልት መጠጥ ያየነው ከዚህ በኋላ ነው። ትልልቆቹ የለቀቁት ቦታ አለ። የሰፈር ዳቦ ቤት፣ የግል ክሊኒክ፣ የልብስ ስፌት ድርጅት የሚገባበት ዋጋ ነው። ሃይሌ ጋርመንት ብለን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልብስ ፋብሪካ ነው፤ በዚህ ክፍለ ከተማ ማልያ የሚሰፋ እጅ ከሩቅ አይፈለግም። 20 ማልያ ሰፍቶ በስሙ የሚያለብስ ድርጅት ለዓመት የሚታይ ማስታወቂያ ገዛ ማለት ነው።

በመጨረሻ ወደ እናንተ ወደ ልጃገረዶቹ ልምጣ። ከእናንተ ሁሉም ትዕግሥት አሰፋ አትሆንም። ስፖርት የምትወድ፣ ግን እግሯ የማያደርሳት ልጅ በዚህ አዳራሽ እንዳለች እርግጠኛ ነኝ። ሒሳብ የምትችል፣ ስልክ ደውላ የማታፍር፣ እምቢ ሲሏት በሳምንቱ የምትመለስ ልጅ ካለች ለእርሷ ሙያ አለ። የስፖርት ሳይንስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በኮተቤም ይሰጣል፤ የገበያ ሥራ ትምህርት ደግሞ በየኮሌጁ አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። በ‹ቅድሚያ ለሴቶች› ቀን በበጎ ፈቃደኝነት ውኃ ከማደል መጀመር ይቻላል፤ የውድድር ሥራ የሚለመደው እዚያ ነው።

እዚህ የተቀመጣችሁ የቡድን አሠልጣኞች እጃችሁን አንሡ። ሱቅ፣ ካፌ፣ ክሊኒክ፣ ፋብሪካ ያላችሁም እንዲሁ። እባካችሁ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችሁ በፊት ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ፤ አሠልጣኞች በሁለት ሳምንት ውስጥ የተቆጠረ ቁጥር ያለበት ወረቀት አድርሱ፤ ነጋዴዎች ደግሞ አንድ የልጃገረዶች ቡድን መርጣችሁ የአንድ ዓመት ውል ፈርሙ።